ማን ነው የሚያንጎራጉረው?

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ፣ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ የሚኖረው መምህር ኃይለመለኮት ፒያኖ ሲጫወት አያንጎራጉርም። ይህን የሚለው ራሱ ነው። በሰፈሩ በዚህ ቃል የሚስማማ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ማንጎራጎሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ጣቶቹ አንድ ጀርመናዊ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጻፈውን ሙዚቃ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጡበት፣ ጉሮሮው ከኋላ ከኋላ፣ ክዳኑ እንዳልገጠመ ድስት እየተንተከተከ ይከተላል። ዜማው ያው አይደለም፤ ፈጽሞ ሌላም አይደለም። ሲያሻው ቀድሞ ይደርስና ቆሞ ጣቶቹን ይጠብቃል። አዲስ የገባች ጎረቤት፣ ወይዘሮ ዙሃራ፣ በገባች በሳምንቷ በጨርቅ የተቋጠረ ቅርንፉድ ይዛ መጥታ፣ "ለጥርሱ ነው፤ በታመመው በኩል ይንከስበት" ብላ ለሚስቱ ለሠርካዲስ ሰጠቻት። ሠርካዲስም ተቀብላ አመሰገነች። ምን ትበል?

ሠርካዲስ በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ድምፅን ከድምፅ ስታገናኝ ስለምትውል የሚያመልጣት ነገር አልነበረም። ምላሷም እንደ ጆሮዋ ነው። ጠዋት ልምምዱን ጨርሶ ሲወጣ ቁርስ እያቀረበች ትጀምረዋለች።

"ዛሬ ደግሞ ማን ነበር አብሮህ?"

"የት?"

"እዚያ ክፍል ውስጥ። አንድ ሰው ሲያቃስት ሰማሁ።"

"ጎረቤት ይሆናል" ይላል ኃይለመለኮት፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ። ፊቱ የሚዋሽ ሰው ፊት አይደለም። ሰውየው ከልቡ አያውቀውም ነበር።

ነገሩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ። "ያላዜምከውን አልተማርከውም" እያሉ ዜማ ሲያስተምሩት፣ እጁ ተንቀሳቅሶ ጉሮሮው ካልተከተለ ኩርኩም ነበር። እጅና ጉሮሮ በዚያ ዕድሜ ከተጋቡ ወዲያ ማን ያፋታቸዋል? በኋላ ፒያሳ አካባቢ ትኖር የነበረች ማዳም አራክሲ የምትባል አሮጊት አርመናዊት ፒያኖ ስታስተምረው ይህን አመል ልታስተወው ሞክራ ነበር። መጀመሪያ ከንፈሩን በጣቷ እየመታች፣ ቀጥሎ እርሳስ በጥርሱ እያስነከሰች አሥር ዓመት ታግላ ተወችው። በስልሳ ሰባት አገር ለቃ ስትሄድ ፒያኖዋንም ለእሱ ተወችለት። ስድስት ተሸካሚዎች በጋሪ አምጥተው፣ በሩ አላስገባ ስላላቸው ሰፊውን መስኮት ከነፍሬሙ ነቅለው ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። በሌሎቹ ሁለት ክፍሎች እንዲህ ያለ መስኮት አልነበረም።

በፒያኖ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በከተማው እንደሱ የሚጫወት አንድ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው ይላሉ የሚያውቁት። የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ኃይለመለኮት ሰው ፊት ከመጫወት ጥርሱን ቢነቀል ይመርጣል። እንጀራው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህርነት ነበር። ትምህርት ቤቱ ፒያኖ ስላልነበረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ ያስተምራል። ተማሪዎቹ እንደሚሉት የሣለውን ፒያኖ በጣቱ ሲነካካም ያንጎራጉር ነበር።

ልምምዱ ደንብ ነበረው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠርካዲስ ያሞቀችለትን ውሃ በሳህን ይቀበላል። እጆቹን እስከ አንጓቸው ነክሮ እስከ ሃምሳ ይቆጥራል። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ጽዋ እንደሚወለውል ዲያቆን፣ በነጭ ፎጣ ያደርቃል። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ፒያኖውን ሳይከፍት በክዳኑ ላይ ይጫወታል፤ ያን ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው የጉሮሮው ድምፅ ብቻ ነው። ወይዘሮ ዙሃራ ቅርንፉድ ያመጣችው ይህን ሰምታ ስለሆነ አይፈረድባትም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ፒያኖው መጾሙ ነው። ከፒያኖው ሥር በእግር የሚረገጥ፣ ድምፁን የሚያስረዝምና የሚያለሰልስ ፔዳል የሚባል ነገር አለ። ለኃይለመለኮት ፔዳል ቅቤ ነው። ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ፣ እግሩ ፔዳል አይነካም፤ ደረቁን ይጫወታል። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ግን ረገጥ ሲያደርገው ግቢው በሙሉ ይወዛል። የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ዳዲ ከአጥሩ ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ቀን ይለዩበት ነበር። "ዛሬ ደረቅ ነው፤ አርብ ገባ ማለት ነው" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም።

እንዲህ እየተኖረ በሰባ አምስት ክረምት የቀበሌው የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጓድ አስመላሽ፣ መዝገብ በብብቱ ይዞ መጣ። ክፍሎቹን ዞሮ አየና ብዕሩን አወጣ።

"ሁለት ሰው፣ ሦስት ክፍል" አለ።

"ሦስተኛው የፒያኖው ነው" አለ ኃይለመለኮት።

"ፒያኖ በቤተሰብ ፎርም ላይ አይሞላም፣ ጓድ።"

አስመላሽ ክፉ ሰው አልነበረም። አምስት ስድስት ሆነው በአንዲት ክፍል የሚያድሩ ሰዎች በየቀኑ ቢሮው በር ላይ ይሰለፉበታል፤ የሚሰጣቸው ደግሞ የለውም። ጥቂት አሰበና አንድ ቀዳዳ ተወላቸው። ኃይለመለኮት በዚህ ክፍል ሰፊውን ሕዝብ በኪነት እንደሚያገለግል ማስረጃ ካመጣ፣ ክፍሉ ይቆይለታል። ማስረጃው አዲስ ዓመት ሳይገባ መምጣት አለበት። ካልመጣ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ ፒያኖውንም መንግሥት ቦታ ይፈልግለታል።

"ምን ዓይነት ማስረጃ?" አለች ሠርካዲስ።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሕዝብ ሰምቶት ያውቃል?"

ሠርካዲስ ጋሽ ዳዲ ይሰሙታል ልትል ፈልጋ ተወችው።

ከዚያን ቀን በኋላ ኃይለመለኮት ጠዋት ጠዋት እጁን አሙቆ፣ ጣቱን አድርቆ፣ ክዳኑ ላይ እጁን ጭኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። ጣቱም ጉሮሮውም ዝም። ሠርካዲስ ከወጥ ቤት ሆና ስትጠብቅ፣ ያ ስትስቅበት የኖረችው ማቃሰት ናፈቃት። ያለዚያ ክፍል ይህ ሰው በቁሙ የሚያልቅ መሰላት፤ ፈራችም።

ፈርታ ግን አልተቀመጠችም። በየሳምንቱ በስልክ ከምታገናኛቸው ድምፆች አንዱ ሰላሃዲን የሚባል የራዲዮ ጣቢያ የቀረጻ ባለሙያ ነበር። መልኩን አይታ አታውቅም፤ ሳሉን ግን ታውቃለች። አንድ ቀን መስመሩን ከማገናኘቷ በፊት ችግሯን ነገረችው። "ይምጣና እንቅዳው" አላት። "በፕሮግራም መካከል የምናስገባው ሙዚቃ ሁልጊዜ ያጥረናል። ከተላለፈ ከዚህ የተሻለ ምን ማስረጃ አለ?"

ሄዱ። ኃይለመለኮት የራዲዮ ጣቢያውን ትልቅ ፒያኖ ሲያይ መኮንን ፊት እንደቀረበ ሰው ኮቱን ቆለፈ። ተጫወተ። ሰላሃዲን ከመስተዋቱ ወዲያ ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ቀዳ። ከዚያ ቴፑን ወደ ኋላ መልሶ ሲያሰማቸው ራሱን መነቅነቁን አቆመ።

"ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እዚህ ውስጥ ሌላ ሰው አለ" አለ።

"ማሽናችሁ ይሆናል" አለ ኃይለመለኮት። "ቢታይ ጥሩ ነው።"

ሰላሃዲን ሠርካዲስን አየ፤ ሠርካዲስ ጣሪያውን አየች። ሰው ሲያጉረመርም የሚሰማበትን ሙዚቃ አለቆቹ እንደማያሳልፉት ሰላሃዲን በትሕትና አስረዳት። ሌላ አንድ ቀን ብቻ ሊሰጣቸው ይችላል፤ ነሐሴ አራት፣ ረቡዕ። ከዚያ ወዲያ ስቱዲዮው ለአብዮት በዓል ዝግጅት የተያዘ ነው።

አመል ያወጣል ከመሃል ይሉ የለ። ሠርካዲስ አመሉን ለማስጣል ሁለት ሳምንት ነበራት። አፉን ውሃ አስሞላችው፤ እስከ ሁለተኛው ገጽ ጠብቆ ውሃውን ዋጠና ቀጠለ። ከረሜላ አጎረሰችው፤ ማንጎራጎሩ ላይ ማላመጥ ተጨመረበት። የወይዘሮ ዙሃራን ቅርንፉድ እንኳ አስነከሰችው። እሱ ሁሉንም እንደ ሕፃን እሺ ብሎ ይቀበላል፤ ምን እየታከመ እንደሆነ ግን አልገባውም። "ለማሽናቸው ብዬ ነው" ይላል።

መድኃኒቱን ያገኘችላት ቁንጫ ናት። አንድ ጠዋት ከበሩ ቆማ ስታየው የግራ እግሩን በድንገት ሳብ አደረገ፤ ያን ጊዜም ጉሮሮው ለአንድ መስመር ያህል ጸጥ አለ። ጣቶቹ ቀጥለዋል። ሠርካዲስ ጎንበስ ብላ ገባችና ባቱን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችው። ጸጥ። ጥቂት ቆይቶ ሊጀምር ሲል ደገመችው። ጸጥ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ሳይዞር።

"ቁንጫ እየገደልኩ ነው። ተጫወት።"

የቀረጻው ረቡዕ በፍልሰታ ስለዋለ ፔዳል የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እግሮቹ ሥራ ፈት ናቸው። ሰላሃዲን ለምን ፔዳል እንደማይረግጥ ሲጠይቅ፣ በዚያ ዘመን በመንግሥት ስቱዲዮ ውስጥ ፒያኖው ጾም ላይ ነው አይባልምና፣ ሠርካዲስ ቀድማ መለሰች።

"እግሩን ያመዋል። እኔ ከሥር ሆኜ ልያዝለት።"

ሰላሃዲን ብዙ ዘፋኝ ያየ ሰው ነው፤ ማይክሮፎኑን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጣት። የስልክ ማዞሪያዋ ወይዘሮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከፒያኖው ሥር ተቀመጠች። ቀይ መብራት በራ። ሰባት ጊዜ ቆነጠጠችው። እያንዳንዱን ከጉሮሮው ሳይወጣ፣ ባቱ ሲጠነክር እያወቀች፣ ቀድማ ያዘችው። ሙዚቃው አለቀ፤ ቴፑ እንደ መስተዋት ጠራ። ሰላሃዲን እጅ ነሳት፤ እሱን ሳይሆን እሷን። ማምሻውን ባቱ ላይ ሰባት ቦታ በልዞ ስታይ ግን ሳቅ አልመጣላትም፤ ቫዝሊን ቀባችው።

የሚተላለፍበት ቀን ተነገራቸው፤ የነሐሴ የመጨረሻው እሑድ ከሰዓት፣ አሥር ሰዓት ላይ። ሠርካዲስ ለአስመላሽ ነገረችው፤ እሱም መዝገቡን ይዞ መጣ። ጋሽ ዳዲን ደግሞ ለምስክርነት አስከትሎ ነበር፤ ሰውየው ስምንት ዓመት ከአጥሩ ሥር ሲሰሙ ኖረዋልና። ራዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ኃይለመለኮት ጥግ ላይ ወንበር ይዞ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

አሥር ሰዓት ሆነ። አስተዋዋቂው ስለ መኸር ዘመቻ ተናገረና፣ "አሁን ለጥቂት ደቂቃ የፒያኖ ሙዚቃ ታደምጣላችሁ" አለ። ይኸው ነው። ስም የለ፣ መምህር የለ፣ ልደታ የለ። ፒያኖው ጀመረ።

አስመላሽ የከፈተውን ብዕር ይዞ ቀረ። "የማን እንደሆነ አልተናገሩም" አለ በቀስታ።

"የሱ ነው፣ ወንድሜ" አለች ሠርካዲስ። "እኔ እዚያው ነበርኩ።"

"አንቺማ ሚስቱ ነሽ። ጋሽ ዳዲ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ይሄ ነው ጠዋት ጠዋት የሚሰሙት?"

ጋሽ ዳዲ ውሸት አይሆንላቸውም። ጆሯቸውን ወደ ራዲዮው አዘንብለው ሰሙ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ደረቅ ነው፤ ይሄስ እሱን ይመስላል" አሉ። "ግን የኛው ያንጎራጉራል። ይሄኛው ምንም አይል። እንዴት ብዬ እሱ ነው ልበል?"

ሠርካዲስ ክው አለች። በቁንጥጫ ዝም ያሰኘችው ዋናውን ማስረጃ ኖሯል። የባሰውም ሙዚቃውን ስትሰማ ነው። በስቱዲዮው ውስጥ እግር ስትጠብቅ ጆሮዋ አልሠራም ነበር፤ አሁን ሠራ። እዚህ ጋ የመጀመሪያውን ቆነጠጠችው፤ ሙዚቃው እንደሚሸሽ ሰው ሰብሰብ አለ። እዚህ ጋ ሁለተኛውን። ሌላ ሰው የማይሰማውን እያንዳንዱን ቁንጥጫ ቆጠረችው። ክፍሉን ላድን ብዬ ሰውየውን ሳሳምመው ዋልኩ ብላ አፈረች፤ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ያን ጊዜ ከጥጉ ተሰማ። መጀመሪያ በአፍንጫ፣ ቀጥሎ ከደረት። ኃይለመለኮት ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይሮጣሉ፤ ጉሮሮው ክዳኑን ገፍቶ መንተክተክ ጀምሯል።

ጋሽ ዳዲ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ይኸው" አሉ። "የጎደለው ይሄ ነው።"

አስመላሽ የኮሚቴ ሰው ነውና በቃል አያምንም። እጁን ሰደደና የራዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነሰው። ኃይለመለኮት ራዲዮው መዘጋቱንም አላወቀ፤ ጣቶቹም ጉሮሮውም እንደ ጀመሩት ቀጠሉ። እንዲህ እያለ ሳለ የግራ እግሩን በድንገት ሳብ አደረገ፤ ማንጎራጎሩም አንድ ጊዜ ሰብሰብ ብሎ ቀጠለ። ማንም አልነካውም። ሠርካዲስ ብቻ የትኛው ቁንጥጫ እንደሆነ አወቀች፤ አምስተኛው ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

አስመላሽ ድምፁን መልሶ ከፈተው። ፒያኖውና ጉሮሮው አንድ ቦታ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አልቀደመም። ሰብሳቢው ራዲዮውን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ራዲዮውን አየ። ከዚያ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። የጻፈውን ሠርካዲስ አሻግራ አነበበችው፦ "ሦስተኛው ክፍል፣ የኪነት መለማመጃ።" ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌው የኪነት ቡድን እዚያ ክፍል ከበሮ እንደሚደልቅ የተረዱት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን ማንም አልከፋውም።

ሙዚቃው አለቀ። ኃይለመለኮት ዓይኑን ገለጠና ሦስቱንም ተራ በተራ ተመለከተ። ቅር ብሎታል።

"ሙዚቃ ሲደመጥ ዝም ይባላል" አለ። "አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያጉረመርም ነበር። ማን ነው?"

አስመላሽ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ ዳዲ ቀደሙት። ስምንት ዓመት የሰሙትን ሰው ፊት ለፊት አዩት፤ ያ የማይዋሸው ፊታቸው ትንሽ ቀላ።

"እኔ ነኝ፣ መምህር" አሉ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዜማው ያዘኝ።"

"አይ፣ ምንም አይደለም፣ ጋሽ ዳዲ" አለ ኃይለመለኮት በደግነት። "አመል ነው፤ ቀስ በቀስ ይተዉታል።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው፤ እስከ ዛሬም ያን የራዲዮ ቀን ሲያወራ ጋሽ ዳዲ እንዴት እንደረበሹት ሳይናገር አያልፍም። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ሠርካዲስ ውሃውን አሙቃ ሰጠችው፤ እስከ ሃምሳ ቆጠረ፤ ጣቶቹን አደረቀ፤ ክዳኑ ላይ መጫወት ጀመረ። ሰኞ ነበር፤ ጾምም አልነበረም። ከአጥሩ ሥር ጋሽ ዳዲ ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ሠርካዲስ እጇን ጨብጣ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ከውስጥ ያ ማቃሰት ሲነሳ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች።